ቆዳው ጸንቷል፣ ገበሩ ከድቷል፦ የአደን ከስክስ ጫማ ከ9 ወር በኋላ

ጫማው ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚወጣ ከስክስ ነው፤ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቆዳው 2.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ፣ ውስጡ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ገበር፣ ሶሉ 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ጎማ። ቁጥር 43 ሲሆን ጥንዱ 1.7 ኪሎ ይመዝናል። አምራቹን አንጠራም፤ የሚነሳው ጉድለት በዚህ አሠራር የተሠራ ጫማ ሁሉ ላይ የሚደርስ ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ተሂዶበታል። ቦታው የባሌና የአርሲ ደጋ ነው፤ ከብሔራዊ ፓርኩ ውጭ፣ በፈቃድ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ የሚታደንበት፣ ከ2,800 እስከ 3,500 ሜትር ከፍታ ያለው አገር። ታቹ ጥድና ኮሶ፣ ላዩ የአስታ ቁጥቋጦና የጓሳ ሣር።

እዚህ አገር ጫማን የሚፈትነው ዝናብ ሳይሆን ጤዛ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሰው ይጠለላል። ጤዛ ግን ጉዞው በሚጀመርበት በጠዋቱ 12 ሰዓት ጓሳው ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ቆዳውን በረጠበ ብሩሽ እንደ መቀባት ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ትወጣና ያው ቆዳ ይደርቃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭቃ። በቀን ሁለቴ እየራሰ ሁለቴ የሚደርቅ ቆዳ ቅባት ካላገኘ፣ ጣት በሚታጠፍበት መስመር መሰንጠቁ አይቀርም።

ቁጥር ሲመረጥ ሻጭ ሁሉ «እያደር ይለቃል» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ቆዳ በጎን ይለቃል፤ በርዝመት ግን አይለቅም፣ ሶሉና ጫፉ ላይ ያለው ጠንካራ ቆብ አይፈቅዱለትም። ስለዚህ ጎኑ ጥቂት ቢጨንቅ ይታገሡታል፤ ጣት ጫፉን ከነካ ግን ይመልሱት። መለካት ያለበት ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል፣ ለአደን በሚደረገው ወፍራም ካልሲ ነው። ክሩ ሳይታሰር እግርን ወደ ፊት እስኪነካ ይግፉና ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት ይስደዱ፤ በልክ ሊገባ ይገባል። ሁለት ጣት ከገባ ሰፊ ነው። ምንም ካልገባ ቁልቁለት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል። ቀጥሎ አጥብቀው አስረው የጫማውን አፍንጫ ሁለት ሦስቴ መሬት ላይ መታ መታ ያድርጉ፤ ጣት ፊቱን ከመታ ያ ጫማ ለተራራ አይሆንም፣ ያማረም ቢሆን።

ተረከዝ አዲስ ጫማ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢነሳ ችግር የለውም፤ ሶሉ መታጠፍ ሲለምድ ይቀንሳል። አንድ ሴንቲ ሜትር የሚነሳውን ግን ምንም ካልሲ አያድነውም። «ሁለት ካልሲ ደርቤ እሞላዋለሁ» የሚለው ዘዴ በብዛት እግር የሚያስልጠው ነው፤ ካልሲው ይሸበሸባል፣ እግሩ ይሞቃል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል። የጥጥ ካልሲማ ላቡን ይዞ ስለሚቆይ ለዚህ ሥራ ባይታሰብ ይሻላል። የሱፍ ካልሲ ቢረጥብም ሙቀቱን ያን ያህል አይለቅም። ለአንድ ቀን ሁለት ጥንድ ይያዝ፣ ቀትር ላይ ይቀየር።

ማላመዱ ሁለት ሳምንት ወስዷል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ በቀን አንድ ሰዓት ለአራት ቀን፣ ቀጥሎ 3 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ 5 ኪሎ ሸክም ይዞ 6 ኪሎ ሜትር። ውሃ ውስጥ ነክሮ እግር ላይ የማድረቅ የድሮ የወታደር ዘዴ ሶሉ በማጣበቂያ ለተያያዘ ጫማ አይሠራም። እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ለይቶ ይሞቃል፤ ያኔውኑ ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው። ዳገቱን ልጨርስ ካሉ አልፏል።

ስለ አስተሳሰር ብዙ ሰው አይጨነቅም፤ ግን የዚህ ጫማ ምቾት ግማሹ እዚያ ነው። ከታች ያሉት አራት ቀለበቶች ላላ ይደረጋሉ፣ ጣት እንዲንቀሳቀስ። እግር ወደ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ ክሩን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ አጠላልፎ ሳብ፤ ጭብጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ቢለቁትም አይላላም። ይህች ጠመጠም ተረከዙን ወደ ኋላ ይዛ ታስቀምጣለች። ከእሷ በላይ ያሉት መንጠቆዎች ዳገት ላይ ላላ፣ ቁልቁለት ላይ ጠበቅ ይላሉ፣ ታችኛው ሳይነካ።

አሁን ወደ ገበሩ። ለስድስት ወር አንድ ጠብታ አላስገባም። በሰባተኛው ወር ግን የግራው፣ ጥቂት ቆይቶ የቀኙ፣ በትንሿ ጣት በኩል መታጠፊያው ላይ ማርጠብ ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ውሃ የሚከለክለው ነገር ጨርቅ ላይ የተለጠፈ እጅግ ስስ ሽፋን ነው፤ በቀን ከ7,000 ጊዜ በላይ እዚያው መስመር ላይ ይታጠፋል። ከላይ በአፉ የሚገባው አሸዋና የደረቀ ጭቃ ደግሞ በካልሲና በገበር መካከል ሆኖ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የውስጥ ንጣፉን በየማታው አውጥቶ ማራገፍ፣ በወር አንዴም ውስጡን በለብ ያለ ውሃ ማጠብ ዕድሜውን ያራዝመዋል።

ማፍሰሱን ለማረጋገጥ ውጪውን አድርቀው ውስጡን በጋዜጣ ይሙሉት፤ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጫኑበትና ውሃው ከመታጠፊያው መስመር ከፍ እስኪል ሳፋ ውስጥ 20 ደቂቃ ያቁሙት። ጋዜጣው የት እንደ ረጠበ ቀዳዳው የት እንዳለ ይናገራል። ስፌት ላይ ከሆነ በሰም ይደፈናል። መታጠፊያው ላይ ከሆነ ግን ገበሩ አልቋል፤ መጠገኛም የለውም።

የባሰው ጉዳት ደግሞ ውሃ ከላይ ሲገባ ነው። ወንዝ ሲሻገሩ በአፉ የገባውን ውሃ ያው ገበር ይዞ ያስቀረዋል፤ ይህ ጫማ በደጋ ብርድ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ገበር የሌለው ተራ ቆዳ በአንድ ቀን ይደርቃል። እንደ እኛ ግምት ለዚህ ሥራ «ውሃ አያስገባም» ለሚለው ጽሑፍ ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈል ባትንና የጫማውን አፍ የሚሸፍን ጥሩ ጋምባሌ መግዛት ይበልጣል፤ ጤዛውንም፣ አሸዋውንም፣ እሾሁንም ባት ላይ ያስቀርልዎታል።

ሲደርቅ ከእሳት ይራቅ። መለኪያው ቀላል ነው፦ እጅዎ ሳያቃጥለው መቆየት የማይችልበት ቦታ ለጫማም አይሆንም። ቆዳው ይኮማተራል፣ ማጣበቂያው ይለሰልሳል፣ ጠዋት ሶሉ አፉን ከፍቶ ይገኛል። ጋዜጣ ጠቅጥቆ በየሁለት ሰዓቱ መቀየርና ነፋስ ባለበት ጥላ ማቆም ይበቃል።

ቅባቱ በየሦስት ሳምንቱ ተደርጓል፤ ንብ ሰም የበዛበት የቆዳ ቅባት፣ ጭቃው ታጥቦ፣ ቆዳው ጥቂት እርጥበት እንደያዘ፣ በጣት እየታሸ። ኪዊ ያሳምራል እንጂ ቆዳን አይመግብም። ቅቤና ሞራ የሚቀቡም አሉ፤ ቆዳውን ከልክ በላይ ያለሰልሱታል፣ ይበሰብሳሉ፣ ይሸታሉ፣ አይጥም ይጠራሉ። ለነገሩ ባይቀቡትም ከድንኳን ውጭ ያደረ የቆዳ ጫማ ጅብ ይዞት ይሄዳል። ከ9 ወር በኋላ ቆዳው መስመር አውጥቷል፣ ስንጥቅ ግን የለበትም።

ሶሉ ተረከዙ ላይ ከ5 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ ይህ ለዚህ ሁሉ ድንጋይ ያስመሰግነዋል። ጥርሶቹ ሰፋ ሰፋ ብለው ስለተቀመጡ የጫካውን ጭቃ በራሱ ይጥላል። ዋልካ ላይ ግን እንደማንኛውም ጫማ እግር ላይ ድስት ይሠራል፤ በእንጨት መፋቅ ነው። በስድስተኛው ወር የቀኙ ሶል አፍንጫው ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተላቀቀ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሲሄዱ የመጀመሪያው ሐሳብ በወፍራም የናይለን ክር ዙሪያውን መስፋት ነው። ጥንካሬው አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ወስፌው በገባበት ሁሉ ገበሩ ይበሳል፣ ጫማው ወንፊት ይሆናል። ገበሩ ደህና እስከሆነ ድረስ በማስቲሽ ብቻ ይለጠፍ ይበሉ፦ ሁለቱም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ፣ አቧራው ይጠረግ፣ በስሱ ይቀባ፣ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በኃይል ተጭኖ 24 ሰዓት ይታሰር። እርጥብ ማስቲሽ ላይ ቸኩሎ መጫን በሳምንቱ መልሶ ያስከፍታል። ገበሩ ካለቀ በኋላ ግን ይሰፋ፣ የሚጠፋ ነገር የለም።

ሰልባጅ ለሚገዙ ወይም ከውጭ ዘመድ የቆየ ጫማ ለሚላክላቸው አንድ ነገር። ከቆዳውና ከታችኛው ጎማ መካከል ያለው ለስላሳ ንብርብር ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬቴን የሚባል ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር ባይለበስም ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሐደ ይሞታል፤ ካርቶን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ «አዲስ» ጫማ በመጀመሪያው ዳገት እንደ ደረቀ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። ጎኑን በአውራ ጣት ጥፍር ይጫኑት፤ ጥፍሩ ገብቶ ምልክቱ ከቀረ ወይም የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ካሉ ይለፉት። የተመረተበት ወር ምላሱ ውስጥ በተሰፋው ጨርቅ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

አሜሪካ ያለ ሰው የአደን ጫማ ሲልክ ደግሞ ሳጥኑ ላይ 400 ወይም 800 ግራም የሚል ያለበትን ይመርጣል፣ «የሚሞቅ ነው» ብሎ። ቁጥሩ የጫማው ክብደት አይደለም፤ በአንድ ካሬ ሜትር ያለው የሙቀት መያዣ ሽፋን ክብደት ነው። እነዚያ በበረዶ ውስጥ ለሰዓታት ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ አዳኝ የተሠሩ ናቸው። ባሌ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ የሚወጣ የሚወርድ እግር በእነሱ ውስጥ በላብ ይቀቀላል። ምንም የሌለው፣ ቢበዛ 200 ግራም።

ድምፁ መጠነኛ ነው። ወፍራሙ ሶል ደረቅ የአስታ ጭራሮ ከሥሩ መኖሩን ለእግር አይነግርም፣ ስለዚህ የመጨረሻውን መቶ ሜትር ሲጠጉ ተረከዝን ሳይሆን የውጪውን ጠርዝ ቀድሞ ማሳረፍ ይጠይቃል። በሦስተኛው ወር የጀመረው ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ከውስጥ ንጣፉ ሥር የመጣ ነበር፤ ጥቂት የሕፃን ፓውደር ሲነሰነስበት ጠፋ።

ክሩ በአራተኛው ወር ተበጥሷል፤ የተተካው 180 ሴንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ናይለን ነው፣ ድቡልቡሉ እየላላ ያስቸግራል። የበጠሰው ግን ርጅና አልነበረም፦ የታችኛው መንጠቆ ጠርዝ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ስንጥር ብረት ነበረበት። በቀጭን ሞረድ ሁለት ደቂቃ ታሽቷል፤ ሁለተኛው ክር እስካሁን አለ።