ለሶፍ ኡመር ዋሻ መሪዎች ምስጋና፣ ለመሄድ ላሰባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ባሌ ውስጥ፣ ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በሚገኘው የሶፍ ኡመር ዋሻ እንግዳ ለሚመሩት የመንደሩ ሰዎች፣ መብራት ይዘው ከኋላ ለሚከተሉት ልጆችም ጭምር፦ ገለቶማ፣ ከልብ እናመሰግናለን። ተማሪ ይዘን ለመስክ ትምህርት የምንወርድ የሥነ ምድር መምህራን ነን። የሰዎቹን ስምና ስልክ በአደባባይ አንዘረዝርም። ሥራቸውን ግን በዝርዝር እንጽፋለን፤ ሄዳችሁ መሪ ስትመርጡ የምትለዩት በዚያ ነውና።

ከሁሉ በፊት የምናመሰግናቸው «ዛሬ አይገባም» ማለት ስለሚችሉ ነው። እንግዳው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ ካሜራውን አንግቶ፣ ሊከፍል ተዘጋጅቶ ቆሟል። የዕለት ገቢን ትቶ ያንን ሰው መመለስ ቀላል አይደለም። ብዙው እንግዳ ይናደዳል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ወንዙም ጸጥ ብሎ ይታያል፤ ታዲያ ለምን?

መልሱ ያለው ደጋው ላይ ነው። ዋሻውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ወይብ ወንዝ የሚነሳው ከባሌ ተራሮች ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ዋሻው ያለበት ሸለቆ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደጋው ላይ ከሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ፣ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል፣ ከሰዓታት በኋላ ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣል። ሜዳ ላይ ወንዝ ሲሞላ ወደ ጎን ይሰፋል። ዋሻ ውስጥ ግድግዳው ስለማያሰፋው የሚያድገው ወደ ላይ ነው፤ በጠባቡ መተላለፊያ ጉልበት ላይ የነበረ ውሃ ደረት ላይ ለመድረስ ብዙ አይቆይም። የውስጡ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተሄደ ወንዙን ሰባት ጊዜ ያህል ስለሚያሻግር፣ መሃል ላይ ውሃ የደረሰበት ሰው መግቢያውም መውጫውም ይዘጋበታል።

መሪዎቹ ውሃውን የሚያዩት እንዲህ ነው። ከመግባታቸው በፊት ዳሩ ላይ ወርደው የውሃው ጠርዝ በደረሰበት ልክ ድንጋይ ያቆማሉ፤ እንግዳው መብራቱንና ጫማውን እስኪያስተካክል ጠብቀው ተመልሰው ያዩታል። ድንጋዩ ከረጠበ ነገሩ አበቃ። ቀለሙንም ያያሉ፤ ትናንት ሥሩ ይታይ የነበረ ውሃ ዛሬ ሻይ ከመሰለ ላይኛው አገር ዘንቧል ማለት ነው። ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ከጀመረ ደግሞ ደራሹ ቀርቧል። ውስጥ ከገቡም በኋላ እያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ትንሽ ቆመው ድምፁን ይሰማሉ። ስለዚህ ጥሩ መሪ ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ውሃው ዛሬ እንዴት ነው?» ወርዶ ሳያይ «ችግር የለም» የሚላችሁን ተዉት። ትናንት ከሮቤ በኩል ከመጣ ሰው ስለ ዝናቡ ጠይቆ የሚመልስላችሁን ያዙ።

አሻጋገሩንም እነሱ ያሳዩዋችሁ። በትር ይዛችሁ ፊታችሁን ወደሚመጣው ውሃ ታዞራላችሁ፤ በትሩን ከፊታችሁ ተክላችሁ አንድ እግር ብቻ እያነሳችሁ፣ ትንሽ ወደ ታች እያዘነበላችሁ ትሻገራላችሁ። እግር ለእግር አታጠላልፉ። የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ከመግባታችሁ በፊት ፍቱ፤ ብትወድቁ ውሃ የጠጣ ቦርሳ ወደ ሥር እንዳይጎትታችሁ። ፈጣን ውሃ ከጉልበት በላይ ከሆነ ልጆችና አዛውንት አይሻገሩ። ጫማን በተመለከተ ከባዱ የተራራ ቦት ጫማ እዚህ አያዋጣም፤ ውሃ ይዞ ይከብዳል። እግር ላይ የሚታሰር፣ ሥሩ ጥርስ ያለው የጎማ ጫማ ይሻላል። በባዶ እግር መግባት ግን በፍጹም፤ ከውሃው ሥር ያለው ድንጋይ አንዳንዱ ሙልጭልጭ፣ አንዳንዱ ስለት ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ፤ እኛን የሚያመላልሰን እሱ ነውና። ዋሻው 15.1 ኪሎ ሜትር ርዝመት እንዳለው ይጠቀሳል፤ 42 ያህል በሮች እንዳሉትም ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ቡድን ካርታውን አንሥቷል። የባሌ ደጋ እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልት ሲሆን፣ ወይብ ያንን ጨርሶ ሲወርድ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ያገኛል። ይህ የኖራ ድንጋይ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በነበረው በጁራሲክ ዘመን፣ አካባቢውን ባሕር ሸፍኖት ሳለ፣ ንብርብር በንብርብር የተቀመጠ ዝቃጭ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ያ አሲድ በስንጥቁ እየገባ የኖራውን ድንጋይ ያሟሟል። ስንጥቆቹ እርስ በርስ ስለሚቋረጡ መተላለፊያዎቹም እንዲሁ እየተቋረጡ ሄዱ። መስቀለኛው ሁሉ አንድ ዓይነት የሚመስለው ለዚህ ነው።

ብዙ ጎብኚ «የአምዶች አዳራሽ» የሚባለውን ሲያይ ጠብታ፣ ማለትም ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ኖራ እያስቀመጠ፣ ያበቀለው ይመስለዋል። አይደለም። መሪዎቹ መብራታቸውን ከአምዱ ሥር አስቀምጠው በጎን ሲያበሩበት፣ ግድግዳው ላይ የሚታየው አግድም የንብርብር መስመር በዚያው ከፍታ አምዱ ላይ ይቀጥላል፤ ከአምዱ አልፎም ማዶ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ጠብታ ሠርቶት ቢሆን መስመሩ አይቀጥልም ነበር። አምዱ ዙሪያውን ያለው ድንጋይ ሟሙቶ ሲሄድ የቀረው ነው። ሌክቸር ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ነገር በአንድ ባትሪ በሁለት ደቂቃ ያሳያሉ። ትንሽ ቅናት ቢጤ አይጠፋንም።

ግድግዳው ላይ በማንኪያ የተጨለፈ የሚመስል ጉድጓድ ጉድጓድ ካገኛችሁም እዩት። እንዲህ ያለውን የሚፈልፍለው ወራጅ ውሃ ነው። ከጉድጓዱ ሁለት ጎኖች ገደል ያለው ውሃው የመጣበት፣ ዘንበል ያለው ውሃው የሄደበት ነው። ትናንሾቹ የሚሠሩት በፈጣን ውሃ፣ ሰፋፊዎቹ በዝግታ በሚሄድ ውሃ ነው። አሁን ደርቆ የምታዩት መተላለፊያ ውስጥ ወንዝ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር በዚህ ይታወቃል።

መጥፋትን በተመለከተ አንድ የተለመደ ምክር አለ፦ «አንድ ግድግዳ ይዘህ ሂድ፣ መውጫው ላይ ትደርሳለህ።» እዚህ አይሠራም። የያዛችሁት ግድግዳ ትልቅ አምድ ከሆነ ስትዞሩት ትውላላችሁ። መሪዎቹ መስቀለኛ በደረሱ ቁጥር ዞር ብለው የመጡበትን በመብራት ያያሉ፤ የመልሱ መንገድ ከመሄጃው ሌላ መስሎ ስለሚታይ። እናንተም አድርጉት። ከቡድኑ የተነጠለ ሰው ደግሞ ባለበት ይቀመጥ፣ መብራቱን ይቆጥብ፣ እየቆየ ያፏጭ፤ ፍለጋ ከጀመረ ግን የሚፈልጉትንም ያስቸግራል።

መብራት ለአንድ ሰው ሦስት ነው፦ አንድ ግንባር ላይ የሚታሰር፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ መጠባበቂያ። ስልክ አይቆጠርም፤ ፎቶ ሲያነሳ ውሎ የሚዘጋው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ትርፍ የባትሪ ድንጋይ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩ። ችቦ አስለኩሱልን ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጭሱ ግድግዳውን ያጠቁራል፣ የሌሊት ወፎቹንም ይረብሻል። የሌሊት ወፍ ኩስ በደረቀበት ቦታ ማስክ አድርጉ፤ አቧራው ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። የወደቀ የሌሊት ወፍ በእጅ አይነካም። ነጭ፣ እርጥብ የሆነውን የጠብታ ድንጋይም አትንኩ፤ የእጅ ወዝ ከያዘው ቀለሙ ይበላሻል፣ አዲስ ኖራም በደንብ አይዝበትም።

ቦታው ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ የተቀደሰ ነው። በትውፊት ሼኽ ሶፍ ኡመር ተጠግተውበት ያመልኩበት እንደነበር ይነገራል፤ ምዕመናንም እስካሁን ለዝያራ ይመጣሉ። ገላን የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ሰው ሲጸልይ ፎቶ አታንሡ፣ ጫማ አውልቁ በተባላችሁበት አውልቁ። ግድግዳ ላይ ስም መጻፍ የሚያምረውን ጓደኛችሁን መንደሩ ላይ አስቀምጡት።

ቅር የሚለን ነገርም አለ፣ ምስጋናውን ባይቀንሰውም። መሪዎቹ ሄልሜትና የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ እንዲኖራቸው የሚያግዝ አካል ቢገኝ ጥሩ ነበር። እስከዚያው የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ለዚህ አይሆንም፣ የሕንፃ ሠራተኞች የሚያደርጉት አገጭ ላይ ከታሰረ ይሠራል። የመግቢያው፣ የመሪውና የመብራት ያዡ ሒሳብ ተለይቶ ይነገራችሁ፤ ሲወጡ የሚነሳ ጭቅጭቅ ሁሉ የሚመጣው ቀድሞ ካለመጠየቅ ነው።

ከሮቤ እስከ ዋሻው ላደረሱን ሾፌሮችም ምስጋና አለን። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ይዞ የሚወርድ ሾፌር ምረጡ፤ ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ግሎ አልይዝም ይላል። ስኮርታ ጎማና ክሪክ መኖሩን ከሮቤ ሳትወጡ በዓይናችሁ እዩ። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታም እዚያው ጠይቁ። ቀን ከተረፋችሁ የሳነቴን አምባ አትለፉት፤ አምባው ያለበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ አምባው ላይ ያለው ከፍተኛው ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ ቀስ ብሎ መሄድ ነው፤ ራስ ምታቱ ከበረታ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሾፌሩ ከመንገድ እንዳይወጣና እንዳይበርበት ንገሩት፤ ቀይ ቀበሮ መንገድ ያቋርጣል።

ወቅቱን ስትመርጡ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። ሮቤ ወይም ጎባ አድራችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሡ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ገብታችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ውጡ። መሪው ውሃውን አይቶ ከመለሳችሁ የድካሙን ክፈሉት፣ ቢያንስ ግማሹን። ባዶ እጁን የሚመለስ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እንግዳ «ግድ የለም፣ እንሞክረው» ሊለው ይችላል።