76 ደረጃ ወደ ታች፦ የአክስብሪጁ ምሽግ ጉብኝት

ጉልበቱን የሚያመው ሰው አስቀድሞ ይወቀው፤ በምዕራብ ለንደን፣ አክስብሪጅ ውስጥ ያለው የብሪታንያ የአየር ውጊያ ምሽግ የተሠራው ከመሬት በታች 18 ሜትር ያህል ወርዶ ነው። መውረጃው 76 ደረጃ አለው፤ የወረደ ሰው ያንኑ 76 መልሶ ይወጣዋል። እኔ 68 ዓመቴ ነው። የ12 ዓመት የልጅ ልጄን ትከሻ ተደግፌ ወረድኩ፤ ስመለስ ሁለት ቦታ ቆሜ ተነፈስኩ። ከወጣሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም፤ በመስከረም ደግሜ ልወርድ አስቤአለሁ።

የወሰደኝ አንድ ሰው ነው፦ ሰር ኪት ፓርክ። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመኖች እንግሊዝን ከአየር ሲደበድቡ ለንደንንና የአገሪቱን ደቡብ ምሥራቅ የጠበቀው የ11ኛው የተዋጊ አውሮፕላኖች ምድብ አዛዥ ነበሩ። ምድቡን የሚያዙትም ከዚህ ጉድጓድ ነበር። እኔ በወጣትነቴ፣ በሶማሊያው ወረራ ዘመን፣ በአየር ኃይላችን የራዳር ክፍል አገልግያለሁ። ስማቸውን መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ከአሠልጣኛችን ነው። «ፓርክን አጥኑ፤ የላኳቸውን አውሮፕላኖች ብቻ አትቁጠሩ፣ ያስቀሯቸውንም ቁጠሩ» ይለን ነበር። ነገሩ በትክክል የገባኝ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ከምሽጉ የካርታ ጠረጴዛ ፊት ስቆም ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ይህንኑ ጦርነት የሚመለከት የአንድ ቀን ጉዞ ሄጄ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሞተር ጉልበትና የመትረየስ ብዛት ሲቆጠርልን ዋለ፤ ስለ ሰዎቹ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። ተናድጄ ነው የተመለስኩት። እዚህ ግን አስጎብኚያችን፣ ረጋ ያሉ ጎልማሳ ሴት፣ ገና ከደረጃው ራስ ላይ ሆነው የጀመሩት ከሰውየው ነው።

ፓርክ የተወለዱት በ1892 በኒውዚላንድ፣ ቴምስ በምትባል ከተማ ነው። ወታደር ከመሆናቸው በፊት በመርከብ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት በቱርክ፣ ጋሊፖሊ ላይ ተዋጉ፤ በ1916 በፈረንሳይ፣ ሶም ላይ የመድፍ ጥይት ከፈረሳቸው አሽቀንጥሮ ጣላቸው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ፈረስ መጋለብ ስለማይችሉ ለግዳጅ ብቁ አይደሉም አሏቸው። እሳቸውም ወደ በራሪው ጦር ተዛወሩ። ልጁ ይህን ሲሰማ «ፈረስ የከለከሉትን ሰው አውሮፕላን ሰጡት?» ብሎ ጠየቀ፤ አስጎብኚዋ ጥያቄውን አክብረው በዝርዝር መለሱለት። 48ኛው ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጓድ) ውስጥ ብሪስቶል የተባለውን ባለ ሁለት መቀመጫ ተዋጊ ይዘው ወደ 20 የሚጠጉ የአየር ድሎች ተመዘገቡላቸው፤ ከዚያም ያንኑ ስኳድሮን አዘዙ። እንግዲህ በ1940 ጠረጴዛው ላይ የሚንቀሳቀሰውን ምልክት ሲያዩ በውስጡ ያለውን ሰው ቅዝቃዜና ድካም ያውቁታል ማለት ነው።

አሁን ስለ ክፍሉ ልናገር፤ ገንዘቡም ጊዜውም የሚገባው ለእርሱ ነው። መሐል ላይ የደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝና ከፈረንሳይ የሚለያት የባሕር ሰርጥ ካርታ የተዘረጋበት ትልቅ ጠረጴዛ አለ። ዙሪያውን ወጣት ሴቶች ጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ ረጅም ዘንግ ይዘው፣ የጠላትንና የወገንን ምልክት ይገፉ ነበር። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱን ስኳድሮን ሁኔታ በመብራት የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ ማን ዝግጁ ነው፣ ማን ተነሣ፣ ማን ከጠላት ጋር ተገናኘ። ከላይ፣ ጎበጥ ካለ መስታወት ጀርባ፣ አዛዡና መኮንኖቹ ቆመው ሁሉንም በአንድ እይታ ያያሉ።

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ሰዓቱ ነው። ፊቱ በአምስት አምስት ደቂቃ ተከፋፍሎ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ተቀብቷል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ቀስት ወሬው በደረሰበት ደቂቃ ቀለም ይሆናል፤ ስለዚህ አዛዡ ከላይ ሆኖ ቀለሙን አይቶ ብቻ የትኛው ወሬ ትኩስ፣ የትኛው ያረጀ እንደሆነ ያውቃል። ያረጀው ይነሣል። እኛ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ከኋላ ቆመን ቁጥር በግልባጭ እንጽፍ ነበር፤ ደቂቃ ያለፈበት ወሬ ምን ያህል ሰው እንደሚገድል ያን ጊዜ ተምሬአለሁ። ይህን ሰዓት ያሰበ ሰው አእምሮው ይባረክ።

ወሬው የሚመጣበትን መንገድ አስጎብኚዋ ሳይቸኩሉ አስረዱን። የባሕር ዳርቻው ራዳር የሚያየው ወደ ባሕሩ ብቻ ነው። ያየውን በስልክ ወደ ቤንትሊ ፕራይሪ የማጣሪያ ክፍል ይልካል፤ ከተጣራ በኋላ ወደዚህ ይመጣል። አውሮፕላኖቹ ባሕሩን ተሻግረው የብስ ላይ ከገቡ በኋላ በዓይንና በጆሮ የሚከታተሏቸው ተመልካቾች ናቸው። ከዚህ ክፍል ትእዛዙ ቢጊን ሂልን፣ ኬንሊንና ሆርንቸርችን ወደመሳሰሉት የየቀጣናው የአየር ማረፊያ ጣቢያዎች ይወርዳል። የጀርመን አውሮፕላን ሰርጡን በጥቂት ደቂቃ ይሻገራል፤ ስፒትፋየር የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ ደግሞ ወደሚዋጋበት ከፍታ ለመውጣት ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ቶሎ ካስነሡ ነዳጅ ያልቃል፤ ከዘገዩ መሬት ላይ ይመታሉ። የፓርክ ሙያ በዚህች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነበር። ሁሉን በአንድ ጊዜ አልላኩም፤ አንድ ወይም ሁለት ስኳድሮን ልከው ሌላውን ለሚቀጥለው ማዕበል ያስቀሩ ነበር።

ክፍሉ የተዘጋጀው በመስከረም 15 ቀን 1940 በነበረው መልኩ ነው። በዚያ ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ወርደው ከላይ ተቀምጠው ሲመለከቱ የሰሌዳው መብራቶች ስኳድሮኖቹ ሁሉ በአየር ላይ መሆናቸውን አሳዩ። «ሌላ ምን ተጠባባቂ አለን?» ብለው ጠየቁ። ፓርክ «ምንም የለም» አሉ። አስጎብኚዋ ይህን ተናግረው ለአፍታ ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን። በዚያ ዕለት 185 የጀርመን አውሮፕላን ወደቀ ተብሎ ተነገረ፤ ከጦርነቱ በኋላ የተመረመሩት መዝገቦች ቁጥሩን ወደ 60 ገደማ አወረዱት። አስጎብኚዋ ይህን አልደበቁም፤ አከበርኳቸው።

ፓርክ የማስቀረት ጥበባቸው ዋጋ አስከፍሏቸዋል። የጎረቤቱ የ12ኛው ምድብ አዛዥ ሌይ-ማሎሪና ታዋቂው አብራሪ ዳግላስ ባደር ብዙ ስኳድሮን በአንድነት ተሰልፎ መግጠም አለበት ብለው ይሟገቱ ነበር። በጥቅምት 1940 በአየር ሚኒስቴር ስብሰባ ተጠርቶ ፓርክና የበላያቸው ዳውዲንግ ተወቀሱ፤ ሁለቱም ከቦታቸው ተነሡ። በታኅሣሥ የፓርክን ወንበር የያዙት ራሳቸው ሌይ-ማሎሪ ናቸው። በቀጣዩ ወር አዲሱ አዛዥ የትልቁን ሰልፍ ብልጫ ለማሳየት ካለፈው መስከረም ጥቃቶች አንዱን በጠረጴዛ ላይ ደግመው አስመሰሉ፤ ሰልፉ ተሰብስቦ ሳያልቅ የአየር ማረፊያዎቹ ተመቱ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ደሜ ፈላ። አገር ያዳነ ሰው በምስጋና ፈንታ ወደ ማሠልጠኛ ተላከ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸውም ራሱን የቻለ ነው። በሐምሌ 1942 ማልታ ደርሰው የተከበበችውን ደሴት መከላከል ተረከቡ፤ ተዋጊዎቹን ቦምቡ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ከደሴቲቱ በስተሰሜን፣ ባሕሩ ላይ፣ ቀድመው እንዲገጥሙ አዘዙ። በቀን የሚመጣው ድብደባ በጥቂት ሳምንታት ቀነሰ። በ1944 የመካከለኛው ምሥራቅ የአየር ጦር አዛዥ ሆኑ። ሌይ-ማሎሪ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተሰጣቸውን ሹመት ለመረከብ ሲጓዙ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ በ1945 ያን ቦታ የያዙት ፓርክ ናቸው። በ1946 ጡረታ ወጥተው ወደ ኒውዚላንድ ተመለሱ፤ በ1975 በ82 ዓመታቸው አረፉ። የብሪታንያ አየር ኃይል የበላይ አዛዥ የነበሩት ሎርድ ቴደር በ1947 የብሪታንያን የአየር ውጊያ ያሸነፈ አንድ ሰው አለ ከተባለ እርሱ ፓርክ ነው ብለው መስክረውላቸዋል።

ጉብኝቱ ሊያልቅ ሲል ልጁ እጄን ሳብ አድርጎ «አባባ፣ አንተ ከነዚህ ውስጥ የቱ ጋ ነበርክ?» አለኝ። ቤታችን ውስጥ የዩኒፎርም ፎቶግራፌ ተሰቅሎ አድጓል፤ አብራሪ እመስለው ነበር። ዘንግ ይዘው ከጠረጴዛው ዳር የሚቆሙትን ሴቶች ቦታ አሳየሁት። ከጠረጴዛው ዳር ጀምሮ እስከ ላይኛው መስታወት በዓይኑ ተከተለ። «ስለዚህ አዛዡ የሚያውቀው አንተ የነገርከውን ነው» አለ። ለእናቱ ብዙ ጊዜ ለማስረዳት ሞክሬ ያልተሳካልኝ ነገር ነው።

ለመሄድ ለምትፈልጉ፦ አክስብሪጅ የሜትሮፖሊታንና የፒካዲሊ ባቡሮች የመጨረሻ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በእግር ይደረሳል። ምሽጉ ከአስጎብኚ ጋር ስለሚጎበኝ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ታች ስለሚቀዘቅዝ በበጋም ቢሆን ሹራብ ያዙ። ከላይ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል በ2018 የተከፈተ ነው፤ ደረጃውን መውረድ የማይችል ሽማግሌ አብሯችሁ ካለ እዚያ ሲያይ መቆየት ይችላል። እኛ ግማሽ ቀን ሰጥተነው አልበቃንም። ከልጅ ጋር የምትሄዱ ስለ ቀለሙ ሰዓት ባቡር ላይ እያላችሁ ንገሩት፤ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ዓይኑ የሚፈልገውን ያውቃል።

በማግሥቱ ልጁ ስለጠየቀኝ ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ ዋተርሉ አደባባይ ወሰድኩት። በመስከረም 15 ቀን 2010 የተመረቀው የፓርክ የነሐስ ሐውልት እዚያ ቆሟል። ፓርክ በዚያ ውጊያ መሐል ሃሪኬን በተባለ የራሳቸው ተዋጊ አውሮፕላን ከጣቢያ ጣቢያ እየበረሩ አብራሪዎቻቸውን ይጎበኙ ነበር፤ ሐውልቱም የበረራ ልብስ ለብሰው ጓንታቸውን ሲያጠልቁ ያሳያል። ልጁ ከፊቱ ቆሞ የራሱን የሱፍ ጓንት እንደ እርሳቸው አጠለቀ፤ ፎቶግራፍ አነሣሁት።