የፖከር ማሰልጠኛ አፑ ጎበዝ ነው፣ ግን የእኛን ቤት ሰዎች አያውቃቸውም

ይሄ ሪቪው በየወሩ እየተከፈለ ስለሚሠራው የፖከር ማሰልጠኛ አፕ ነው፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ገበያ ላይ ያሉት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ከ5 ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ 3። አፑ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እኔ የምጫወተው አርብ ማታ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኛዬ ቤት ስለሆነ ነው። ብላይንዱ (ካርድ ሳይታይ ሁለት ሰው በግድ የሚያስገባው) 50 ሳንቲምና 1 ዶላር፣ በይ ኢኑ (ይዘህ የምትቀመጠው ብር) 100፣ ጥብሱ ከኪችን ትኩስ ትኩሱን ይመጣል፣ ግማሹ ሰው ኡበር ሲነዳ ውሎ የመጣ ነው፣ እና ያን ሁሉ ሰዓት ሠርቶ መጥቶ ካርድ እየጣለ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው የለም፣ ሁሉም መጫወት ነው የሚፈልገው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካርድ ይሰጥሃል፣ ትወስናለህ፣ ልክ ከሆንክ አረንጓዴ ከተሳሳትክ ቀይ ይበራል፣ ስልክ ላይ አይንቀራፈፍም፣ ዲዛይኑም ደስ ይላል። ከጀርባው ሶልቨር የሚሉት ነገር አለ፣ ሥራው ሁለቱም ተጫዋቾች ምንም ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ ምን ያደርጉ ነበር ብሎ ማስላት ነው። እንግዲህ ችግሩ እዚችው ላይ ነው፣ እኛ ጋ ያሉት ሰዎች ሲሳሳቱ ሁሌ በአንድ በኩል ነው የሚሳሳቱት፣ ይከፍላሉ እንጂ አይወጡም፣ ይከተላሉ እንጂ አይጨምሩም።

ብለፍን፣ ማለትም ባዶ ካርድ ይዞ ሰውን ለማስወጣት ብር መወርወርን እንውሰድ። ስትጠብቀው የነበረው ፍለሽ (አምስት አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ካርዶች) ሪቨር ላይም፣ መጨረሻው ካርድ ላይ ማለት ነው፣ ሳይመጣ ቀረ፣ አፑ አንዳንዴ የፖቱን (መሃል የተጠራቀመውን ብር) ያህል ወርውር ይልሃል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ የፖቱን ያህል ወርውረህ ሰውየው ከሁለት አንዴ ከወጣልህ አትከስርም፣ የፖቱን ግማሽ ከሆነ ደግሞ ከሦስት አንዴ ይበቃል። ግን እኛ ጋ አንድ ጋሼ አሉ፣ ቦርዱ ላይ (ለሁሉም በሚዘረጉት የጋራ ካርዶች ውስጥ) ኤስም ኪንግም ተዘርግቶ እሳቸው ጥንድ አራት ይዘው "እስቲ ልየው ምን እንደያዝክ" ብለው ይከፍላሉ። ከሦስት አንዴ ቀርቶ ከአስር አንዴም አይወጡልህም፣ እሳቸው የሚከፍሉት ለማወቅ ነው፣ ሳያዩ ቤት ከሄዱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ብለፍ ማድረግ ብሩን አጣጥፎ ኪሳቸው እንደመክተት ነው።

ጥሩ ካርድ ሲመጣ ደግሞ አፑ በጣም ቆጣቢ ነው። ኤስ ኩዊን ይዤ 6 ዶላር አደረግኩ፣ ሁለት ሰው ተከተለ፣ ፖቱ 18 ምናምን ሆነ። ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚዘረጉት ሦስት የጋራ ካርዶች) ኩዊን፣ 8፣ 3። የአፑ ምክር ፍሎፕ ላይ የፖቱን ሲሶ ማለትም 6 ወርውር፣ ተርን (አራተኛው ካርድ) ላይ ቼክ፣ ማለትም ሳትወረውር እለፍ፣ ሪቨር ላይ 10 ዶላር አካባቢ፣ በዚህ አካሄድ አንድ ሰው ቢከተለኝ ከሱ የማገኘው በድምሩ 22 ዶላር ነው። እኔ 14 ወረወርኩ፣ ጋሼ ብቻ ቀሩ። ተርን ላይ 35፣ ያዩታል። ሪቨር ላይ የቀረኝን 45 ሙሉውን ገፋሁት፣ ትንሽ አሰቡ፣ ቢራቸውን ቀመስ አደረጉ፣ "ልየው በቃ"፣ 8 እና 7፣ የኔ ጥንድ ኩዊን በለጠ። ከሳቸው ብቻ መቶ ዶላር። ካርዱም ሰውየውም ያው ናቸው፣ የተለየው የወረወርኩት መጠን ብቻ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ እሳቸው ሲጨምሩ በቃ ጣል። ማታውን ሙሉ ዝም ብሎ ሲከተል የነበረ ሰው ተርን ላይ ድንገት ሬይዝ ካደረገ ይዟል፣ ይዟል፣ ይዟል። አፑ "ብለፍ ሊሆን ስለሚችል ይህን ያህል ፐርሰንት ክፈል" ይልሃል፣ እኛ ቤት ያ ፐርሰንት የለም።

ሌላው፣ ልምምዱ ፍሎፕ ከወጣ በኋላ በአብዛኛው ሁለት ሰው ብቻ አድርጎ ነው የሚያጫውትህ። እኛ ጋ 3 ዶላር ብታደርግ አምስት ሰው ይገባል። ጥንድ ኤስ ከአንድ ሰው ጋር እስከ መጨረሻ ቢሄድ 85% ያሸንፋል፣ ከአምስት ሰው ጋር ግን 49% አካባቢ ይወርዳል፣ ለዛ ነው "ኤስ ሁሌ ያስበላኛል" የሚል ሰው የማይጠፋው። ግን አስቡት፣ ለስድስት እኩል ቢካፈል የአንዱ ድርሻ 17% ገደማ ነበር፣ ስለዚህ በኤስ ከግማሽ በላይ እየተሸነፍክም ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ትንሽ የቀረው ድርሻ እየወሰድክ ነው። ስለዚህ ከፍሎፕ በፊት 6፣ 7 ዶላር አድርግ፣ ያው ይከተላሉ። ትናንሽ ጥንዶች ደግሞ ርካሽ ከሆነ ግባባቸው፣ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛው የሚመጣው ከስምንት ተኩል አንዴ ነው፣ ሲመጣ ግን ጋሼ አሉ።

የወደድኩት አንድ ነገር ኖድ ሎክ ነው። ሶልቨሩን "ይሄ ሰውዬ ጥንድ ካለው አይወጣም" ብለህ ታስገድደዋለህ፣ ከዚያ እንደገና ያሰላል። አስገድጄው ሳየው ብለፎቹ ሁሉ ድራሻቸው ጠፋ፣ የውርወራው መጠንም አበጠ፣ ማለትም ማሽኑ ራሱ ሰዎቹን ሲነገረው እኔ ከላይ ያልኩትን ነው ያለው። የሚያናድደው ይሄ ነገር ያለው ውዱ ፕላን ላይ ብቻ ነው፣ ወርሃዊው ክፍያ ከአንድ በይ ኢናችን ይበልጣል! ፐርሰንቶቹን ብቻ ማየት ከፈለጋችሁ እንደ ኤክዊላብ ያለ ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ መጫን ይበቃል፣ የጥንድ ኤሱንም እዛ ማየት ትችላላችሁ።

አፑ ውስጥ የሌለ ትምህርት ደግሞ አለ፣ እሱም አፍን መዝጋት። ከኛ መሃል አንዱ ይሄን አፕ ተለማምዶ መጣና ጋሼን "በዚህ ካርድ እንዴት ይከፍላሉ፣ ስህተት ነው እኮ" አላቸው። በእንጀራችን ምን አስገባው? እሳቸውም ተናደው ለሁለት ሰዓት ያህል ሁሉን ሲጥሉ አመሹ፣ ጠረጴዛው ቀዘቀዘ፣ የቤቱ ባለቤት ጭራሽ ቡና ይፈላ ብሎ ጨዋታውን በጊዜ ዘጋው። ሰውየው ሲከፍሉ "ጎበዝ ኖት፣ እኔን ሊያስጥሉኝ ነበር" በል፣ ቺፕስህን ሰብስብ።

ኦንላይን ከማታውቁት ሰው ጋር ወይም ኤም ጂ ኤም ካዚኖ ሄዳችሁ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ግዙት፣ እዛ ሰው ፎልድ ያደርጋል (ካርዱን ጥሎ ይወጣል)፣ ያኔ 4 እሰጠዋለሁ። እንደኔ አርብ አርብ ብቻ ከሆነ የአንድ ወር ይበቃል፣ ኖድ ሎክ ያለበትን ፕላን ያዙና ሁለት ሦስት ሰው አስመስላችሁ ሞክሩበት፣ በራሱ እንዳያድስ ግን ገና ስትመዘገቡ ማደሻውን አጥፉት፣ ማጥፊያው ሴቲንግ ውስጥ እታች ተደብቋል።