ባለቀለም ካልሲ ወይስ ጥቁር?

ጸደይ ነው፤ ጥቅምት። "ለጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባልለት የአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ጠዋት ቁርጭምጭሚት ላይ ነው የሚጀምረው። እኔ ጋ ሁለት ዓይነት ካልሲ አለ።

ጥቁሩ አያስቸግርም። ከጥንዱ አንዱ ቢጠፋ ከሌላ ጥቁር ጋር ታጣምረዋለህ። ሊስትሮ ዘንድ ቀለም ቢነካውስ ማን ያያል?

ባለቀለሙ ግን ጨዋታ ያውቃል። ቆመህ አይታይም። ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ ሱሪህ ሰብሰብ ይልና ቢጫው ብቅ ይላል። ጣጣው ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ነው። አንድ እሁድ ሙዝ የተሳለበት ካልሲ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ጣቶቼን አጥፌ ቆምኩ! ደፋሮች ግን አሉ፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ ደማቅ ካልሲ ይወዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲቀበሩም ያደረጉት አውሮፕላን የተሳለበት ነበር።

ለሙቀቱ ከሆነ ቀለም ምንም አይጨምርም፤ ወሳኙ ክሩ ነው። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል፣ ሱፍ ግን እርጥብም ሆኖ ያሞቃል።

ለእኔ የጥቅምት ካልሲ ባለቀለሙ ነው፤ ያውም አንድ ቀለም ብቻ፣ ከሹራቤ ጋር የሚሄድ። ጥቁሩ ለለቅሶ ቤትና ለቅዳሴ ይቀመጥልኝ።