ቶሺባ ካንቪዮ 2 ቴራ ኤክስተርናል ዲስክ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሁለት ፒኤስ ፎር ያሉባት ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። በየቅዳሜው ከሐይቅ የሚመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ጥግ ያለችውን ቴሌቪዥን ይይዝና የጀመረውን ጨዋታ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ሳምንት አዲስ ፊፋ ልጭን ብል ቦታ አጣሁና የእሱን ጌም አጠፋሁት። ልጁ መጣ፤ ጆይስቲኩን ይዞ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ፈተሸና «ኧረ በአላህ ወንድሜ፣ የኔን ጌም የት አደረስከው?» አለኝ። ሴቩ፣ ማለትም የደረሰበትን የሚይዘው ፋይል፣ አልጠፋም ነበር። ግን ጌሙ ሲዲ የለውም፣ ከኢንተርኔት የወረደ ነው፤ መልሼ ለማውረድ ሁለት ሌሊትና አንድ ሙሉ ፓኬጅ ፈጀብኝ። የዚያን ዕለት የልጁን የመመለሻ ትራንስፖርት ከፍዬ ስሸኘው በጣም ከፋኝ። ኤክስተርናል፣ ማለትም ከውጭ በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ፣ ለመግዛት የቆረጥኩት ያኔ ነው።

ማሽኑ 500 ጂቢ ይባል እንጂ ሲስተሙ የራሱን ከወሰደ በኋላ ለጌም የሚተርፈው 400 ገደማ ነው። ፊፋ ለብቻው ከ40 በላይ ይይዛል፤ ሌሎቹ ደግሞ በየአፕዴቱ እያበጡ ይሄዳሉ።

መጀመሪያ የገዛሁት ቶሺባውን አልነበረም። መንገድ ዳር «2 ቴራ ኦርጅናል» ተብሎ፣ ከሱቁ ዋጋ ከግማሽ በታች ሲሸጥ አገኘሁና አነሳሁት። ፒኤስ ፎሩ ላይ ስሰካው አልቀበልም አለ፤ ዩኤስቢ 3.0 (ፈጣኑ የዩኤስቢ ዓይነት) አልነበረም። ላፕቶፕ ላይ 2 ቴራ ብሎ ያሳያል፣ ፊልም ስገለብጥበት ግን ከ30 ጂቢ በኋላ ያለው ፋይል አንዱም አይከፈትም። በቢላ ሽፋኑን ፈልቅቄ ከፈትኩት። ውስጡ የጣት ጥፍር የምታክል ፍላሽ፣ ከጎኗ እጅ ላይ ክብደት እንዲሰማ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ቁራጭ። እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ዲስክ ልገዛ ነው ለሚለኝ ሁሉ አሳየዋለሁ።

ስለዚህ ለሚገዛ ሰው፦ ፒኤስ ፎር ኤክስተርናል መቀበል የጀመረው በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.50 አፕዴት ነው። ዲስኩ ዩኤስቢ 3.0 መሆን አለበት፤ ከ250 ጂቢ አያንስም፣ ከ8 ቴራ አይበልጥም። በሃብ (በዩኤስቢ ማከፋፈያ) አይሰራም፣ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ነው የሚሰካው። የኔ ማሽን ፊት ለፊት ያሉት ቀዳዳዎች ሁለት ብቻ ናቸውና አንዱን ዲስኩ ያዘው፤ ጆይስቲክ አሁን በስልክ ቻርጀር ነው የምሞላው፣ ምንም አልሆነም።

ካንቪዮው ኪስ ውስጥ የሚገባ ጥቁር ዲስክ ነው። መብራቱን ከዚያው ከዩኤስቢው ስለሚወስድ ሌላ ሶኬት አይፈልግም፤ በኔ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ማሽን ነው ያለው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ፎርማት አደረግኩት (ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፣ ፎቶ ካለ ቀድሞ ማውጣት ነው)። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጌም በቀጥታ ወደ እሱ ይጫናል። አንድ ፊፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ለማዛወር ሩብ ሰዓት ገደማ ወሰደብኝ። ሰዓት ይዤ ጌም አከፋፈቱንም አነጻጽሬያለሁ፤ ከውስጠኛው ዲስክ ጋር ያለው ልዩነት ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ተጫዋቾቹ አላስተዋሉትም። ፍጥነት የሚፈልግ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን የዲስክ ዓይነት ይግዛ። እኔ የምፈልገው ቦታ ነበር፣ ቦታ አገኘሁ።

የማያደርገውንም ልናገር። ሴቭ ወደ ዲስኩ አይሄድም፣ ማሽኑ ውስጥ ነው የሚቀረው። በሲዲ የተጫነ ጌም ወደ ኤክስተርናል ስለዞረ ሲዲው አይቀርም፤ ለመጫወት ያው ሲዲውን መክተት ነው። ፒኤስ ፋይቭ ያላችሁ ደግሞ፣ በዩኤስቢ ዲስክ የፒኤስ ፎር ጌሞችን መጫወት ትችላላችሁ፤ የፒኤስ ፋይቭ ጌም ግን ማስቀመጥ እንጂ ከዚያ ላይ መጫወት አይቻልም።

በጣም ያስደነገጠኝ መብራት ነው። ሦስተኛውን ጌም እያዛወርኩ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ ዲስኩን ልመርምር አለና ረጅም ደቂቃ ወሰደ፤ እኔ ቆሜ ዱዓ እያደረግኩ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ጌሙ ከውስጥ አልጠፋም፣ እንደገና አዛወርኩት። በማግስቱ ያገለገለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ገዛሁ። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ያለ ሰው ዲስኩንና ዩፒኤሱን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ ይግዛ። ዲስኩን መንቀል ሲያስፈልግም መጀመሪያ ከሴቲንግ አቁሞ ነው፤ እንዲሁ መንጨቅ የለም። በኔ ቤት ገመዱን ልጆች እንዳይረግጡት ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሬዋለሁ።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ጌም ቤት የከፈተ ጓደኛዬ ያንኑ ዓይነት ገዝቷል። እዚያ ሙቀት ስላለ ዲስኩን ማሽኑ ላይ ሳይሆን ለብቻው ቁምሳጥን ጎን አስቀምጦታል፤ እስካሁን አማን ነው። የኛ ደሴ በብርዷ ከዚህ አሳርፋናለች።

የገዛሁት ፒያሳ ካለ ሱቅ ነው። ሻጩ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ትልቅ ፋይል ገልብጦ፣ ከፍቶ አሳየኝ፤ ከዚያ ነው የከፈልኩት። ያ ከሐይቅ የሚመጣው ልጅ ጨዋታውን ከጨረሰ ቆይቷል፤ አሁን ሌላ ጀምሯል። ለሁለተኛው ማሽን እየቆጠብኩ ነው፣ ያንኑ ካንቪዮ እደግማለሁ።