የሳተላይት ኢንተርኔት ከስምንት ወር በኋላ፦ ማታ ማታ ለምን ይደክማል?

ስምንት ወር የተጠቀምኩበት የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው የሚቀበለው። በስምንት ወር ውስጥ ዕቃው አልተበላሸም፣ ዝናቡንም ችሏል። ጉዳዩ ፍጥነቱ ነው፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 200 ሜጋቢት በሰከንድ ያወርዳል፣ ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ግን 40 ገደማ።

ጥፋቱ የዲሹ አይደለም። ሳተላይቱ ጨረሩን ብዙ ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ቀጠና ላይ ይጥላል፤ ለቀጠናው የሚደርሰው ፍሪኩዌንሲ ውስን ስለሆነ በውስጡ ያሉት ዲሾች ሁሉ በሚሊሰከንድ በሚቆጠር ተራ ይካፈሉታል። ልክ እንደ ቦኖ ነው፤ ቧንቧው ያው ሆኖ ጄሪካኑ ሲበዛ ወረፋው ይረዝማል። ቀጠናው 2 ጊጋቢት (2,000 ሜጋቢት) ቢኖረውና 100 ቤት ባንድ ጊዜ ቢያወርድ ለአንዱ የሚደርሰው 20 ሜጋቢት ነው። የሳተላይት ኢንተርኔት አቅራቢው ስታርሊንክ በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ናይሮቢ ላይ አዲስ ደንበኛ መቀበል ለወራት ያቆመው አቅሙ ስለሞላ ነበር።

መጨናነቅን ከሌላ ችግር መለየት ይቻላል። ዛፍ ወይም ግድግዳ ሲጋርድ ግንኙነቱ ለጥቂት ሰከንድ ይቆረጣል፣ ቀንም ሌሊትም። መጨናነቅ ሲሆን ግን አይቆረጥም፤ በየምሽቱ በዚያው ሰዓት ይዘገያል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ይለኩ። በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ከዘገየ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው።

ማታ ቀድሞ የሚሰቃየው የቪዲዮ ጥሪ ነው፣ ምክንያቱም የመላኪያው አቅም ከመቀበያው በጣም ያንሳል። አንድ ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር የሌላው ድምፅ ይቆራረጣል። እጅግ የረዳው ወረፋ የሚያስተዳድር ራውተር (ኤስኪውኤም የሚባል ቅንብር ያለው) ጨምሮ የፍጥነት ገደቡን ከምሽቱ ልኬት 80 በመቶ ላይ ማድረግ ነው፦ ምሽት 40 ማውረጃና 8 መላኪያ ከተለካ፣ 32 እና 6.4። ያኔ ወረፋው ከሳተላይቱ ወደ ራስዎ ራውተር ይመጣል፣ ጥሪው ከፋይሉ ይቀድማል። ገደቡ ግን ሌሊት ፍጥነትን ያባክናል፤ ራውተሩ ከፈቀደ ለምሽት ብቻ በሰዓት ያስሩት። የዊንዶውስና የስልክ ዝመናዎችን ወደ ሌሊት 8 ሰዓት ያዛውሩ።

ውዱ «ቅድሚያ» ፓኬጅ ቧንቧውን አያሰፋም፣ ወረፋ ያስቀድማል እንጂ። ጎረቤት ሁሉ ሲገዛው ጥቅሙ ይሳሳል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው በዚያው ሰፈር ካለ ተጠቃሚ ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይለካ። የቀን ልኬት ምንም አይነግርም።