የዊንዶውስ ሰርቨር 2025 አዲስ ገጽታ፦ ሳሎኑ ታድሷል፣ ጓዳው እንደነበረ ነው

የሰርቨር ዴስክቶፕ የሚመዘነው በውበቱ ሳይሆን፣ አስተዳዳሪው ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ ቶሎ እንዲወጣ በማስቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ለገበያ የቀረበውን የማይክሮሶፍት የሰርቨር ስርዓተ ክወና፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2025ን ላለፉት ወራት የመዘንኩት በዚሁ መለኪያ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የ2022 እትም የዊንዶውስ 10ን መልክ ይዞ የቆየ ሲሆን፣ አዲሱ ግን የዊንዶውስ 11ን ስታርት ሜኑ፣ ታስክባርና የቅንብር ገጾች ለብሶ መጥቷል።

የመልክ ለውጥ ሲነሳ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ፊታቸውን የሚያጨፈግጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰርቨር 2012 በጣት ለሚነኩ ስክሪኖች የታሰበውን የዊንዶውስ 8 ገጽ፣ ሞኒተር እንኳ በሌላቸውና በራክ (በሰርቨር መደርደሪያ) ላይ በተደረደሩ ማሽኖች ላይ ጭኖ ነበር። የስታርት ቁልፉ ከዓይን ጠፍቶ በስክሪኑ ጥግ ስለተደበቀ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተር ከርቀት በሚከፈትበት ፕሮግራም) መስኮት ውስጥ የምንሠራ ሰዎች ያችን ጥግ ስንፈልግ ማውሱ ከመስኮቱ እየወጣ ስንት ጊዜ እንደተበሳጨን አይረሳኝም። ቁልፉ በቀጣዩ እትም በ2012 አር2 ተመለሰ፤ ሜኑው በተሟላ መልኩ የመጣው ግን በ2016 እትም ነው። የአሁኑ ለውጥ እንዲህ ያለ ነገር አላደረገም። የቢሮ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 የሆነ ባለሙያ ሰርቨሩን ሲከፍት የሚጠብቀው ነገር ሁሉ በሚጠብቀው ቦታ ላይ ነው።

በተግባር የጠቀመኝ ፋይል ኤክስፕሎረር ነው። በአንድ መስኮት በርካታ ታቦችን መክፈት መቻሉ ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው ፋይል በሚዘዋወርበት ሥራ ላይ ስክሪኑን ከመጨናነቅ ያድናል፤ የ7ዚ እና የታር ጥቅሎችን (በአንድ የታሰሩ ፋይሎችን) በራሱ መፍታቱ ደግሞ፣ ሊኑክስ የሚጠቀሙ ባልደረቦች ለሚልኩልኝ የሎግ (የሲስተም ክንውን መዝገብ) ጥቅሎች ተጨማሪ ፕሮግራም በሰርቨር ላይ ከመጫን ገላግሎኛል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) እና ዊንጌት (ፕሮግራሞችን በትእዛዝ መጫኛ) ከመጀመሪያው ተጭነው መምጣታቸውም ደግ ነው።

የቀኝ ክሊኩን ግን አልወደድኩትም። የምንፈልጋቸው ትእዛዞች ከአጭሩ ዝርዝር ሥር ተሸሽገው፣ ሙሉውን ለማየት አንድ ተጨማሪ ክሊክ ይጠይቃሉ። ሺፍትን ይዞ ቀኝ ክሊክ ማድረግ የድሮውን ዝርዝር ቢያወጣም፣ በቀን መቶ ጊዜ ለሚደረግ ነገር ይህ መፍትሔ ሳይሆን ማስታገሻ ነው። መስመሩ ዘገምተኛ ከሆነ ቅርንጫፍ ሆኖ በሪሞት ለሚገባ ሰው ደግሞ የአዲሱ ገጽታ ብርሃን አስተላላፊ ጌጦችና እንቅስቃሴዎች ትርፍ ሸክም ስለሆኑ፣ ከሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራሙ ላይ አስቀድሞ ማጥፋት ይሻላል።

ከመልኩ ጋር አብረው የገቡ እንግዶችም አሉ። ብሉቱዝ አለ፣ የዋይፋይ አገልግሎት ተጭኖ ይመጣል (በራሱ ባይነሳም)፣ የማይክሮሶፍት አካውንት ማስገቢያም ተጨምሯል፣ ከሰዓቱ አጠገብም የአዙር አርክ (ሰርቨሩን ከማይክሮሶፍት ክላውድ ሆኖ ማስተዳደሪያ) ምልክት ተቀምጦ ይጠብቃል። ጠረጴዛ ሥር አንድ ሰርቨር ላስቀመጠ ትንሽ ቢሮ ዋይፋዩ ሊረዳው ይችላል። በማራገቢያ ጩኸት በሚናወጥ የሰርቨር ክፍል ውስጥ የብሉቱዝ ማዳመጫ የሚያገናኝ አስተዳዳሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አርክን የማይፈልግ ሰው ከሰርቨር ማናጀር (ከሰርቨሩ ዋና ማስተዳደሪያ መስኮት) ገብቶ ሊያስወግደው ይችላል።

ከሳሎኑ አልፎ ወደ ጓዳው የገባ ሰው የሚያገኘው የሚያውቀውን ነው። ሰርቨር ማናጀር በ2012 የያዘውን መልክ አልለቀቀም፤ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች ማውጫ) ተጠቃሚዎች የሚተዳደሩበት መስኮትም ከሃያ ዓመት በላይ በአመዛኙ ያው ነው። ጨለማውን ገጽታ መርጦ በሌሊት የሚሠራ ሰው እነዚህን ሲከፍት ነጭ ብርሃን ዓይኑ ላይ ይፈነዳበታል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ችግር በተፈጠረ ሰዓት እጄ ሳላስበው የሚሄድበት ቦታ ባለመነካቱ ደስተኛ ነኝ።

ለመልኩ ሲል ብቻ ከ2022 የሚያሻግር ካለ ገንዘቡን ባያወጣ እመክራለሁ። ለግዢው ምክንያት የሚሆኑት በዴስክቶፑ ላይ የማይታዩት ለውጦች ናቸው፦ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዳታቤዝ ገጽ ከ8 ወደ 32 ኪሎባይት ማደግ መቻሉ፣ ቀድሞ በአዙር እትም ብቻ የነበረው ኤስኤምቢ በኩዊክ ላይ (በኢንተርኔት ፋይሎችን በተመሰጠረ መንገድ መጋራት) ለስታንዳርድ እትም መድረሱ፣ እንዲሁም ከ2012 አር2 በቀጥታ መሻገር መቻሉ። ዴስክቶፕ የሌለው ኮር የተባለው አጫጫንም እንደቀጠለ ስለሆነ፣ የዶሜይን ኮንትሮለሮቼን (አክቲቭ ዳይሬክተሪን የያዙ ሰርቨሮቼን) በእሱ ላይ ነው ያስቀመጥኳቸው። በፋይል ሰርቨሩ ላይ አዲሱን ዴስክቶፕ ትቼዋለሁ፤ የቀኝ ክሊኩን የድሮ ዝርዝር በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር ማከማቻ) ከመለስኩት በኋላ ነው እንጂ።